ለአያቴ የተላከው ፎቶ

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ አንድ ወጣት አባት የሚያለቅስ ልጁን በስልኩ ፎቶ ለማንሳት ሲለፋ አየሁ።

ከአርባ ዓመት በፊት እኛም እዚሁ ቆመን ነበር። አገር ቤት ያሉት አያቴ ዓይናቸው ሳይጠፋ የልጅ ልጆቻቸውን በፎቶ እንዲያዩ እናቴ ቸኩላለች። ካሜራው ውስጥ የቀረው ፊልም ለአንድ ፎቶ ብቻ ይበቃል። ታናሽ ወንድሜ ያለቅሳል። ሌሊቱን ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ሲጠብቅ ያደረው አባቴ፣ ጃኬቱ የመኪና ጭስ እየሸተተ፣ ቆሞ ያንቀላፋል።

"ልጁ ዝም እስኪል እንጠብቅ፣ እትዬ" አለች እናቴ።

ካሜራውን የያዙት ጎረቤታችን፣ "የልጅ ለቅሶስ ጤና ነው። ይልቅ ባልሽን ቀስቅሺው" አሉ።

አባቴ ዓይኑን አፍጥጦ ፈገግ አለ፤ አነሱን።

ፎቶው ሲደርሳቸው አያቴ በስልክ፣ "ልጄ፣ ባልሽ የሚተኛው መቼ ነው?" ብለው ጠየቁ። እናቴ ስለ አየሩ ማውራት ጀመረች።