መፈልፈያው በሚኒባሱ ውስጥ

ጥሩሐረግ ስጋት የማይለቃት ሴት ናት። በሯን ቆልፋ መንገድ ከጀመረች በኋላ ተመልሳ ቁልፉን ትነካለች። ባሏ ይግዛው ሚኒባሱን ይዞ ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በወጣ ቁጥር፣ ደውሎ «ገብቻለሁ» እስኪላት ድረስ እህል በአፏ አይዞርም። «አንቺኮ ሰማዩ ይወድቃል ብለሽ ባላ የምታቆሚ ሰው ነሽ» ይላታል እየሳቀ። እሷ ግን አትስቅም፤ የሚወድቅ ነገር ሲወድቅ አይታለችና።

ከደሃና ወረዳ ገጠር ወጥታ ስድስት ዓመት አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ጓደኞቿ ሱቅ ሲከፍቱ እሷ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ይዛ መጣች። የልብስ ሣጥን የሚያህል፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ነገር ነው፤ እንደ ዶሮ ሃያ አንድ ቀን ታቅፎ ጫጩት ያወጣል። የመጀመሪያውን ዙር አስገብታ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ላይ መብራት ጠፋ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አልመጣም። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። ፍል ውሃ በጀሪካን አድርጋ አስገባችለት። አልሆነም። በኋላ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ስትሰብራቸው፣ ጫጩቶቹ ላባ አውጥተው፣ ምንቃራቸውን ክንፋቸው ሥር ሸጉጠው፣ ልክ እንደተኙ ነበሩ። ጓሮ ቆፍራ ቀበረቻቸው። ከጎረቤት አንዷ «እሱስ መፈልፈያ አይደለም፣ መቃብር ነው» ማለቷን ሰማች። ያቺ ቃል ከጆሮዋ አልወጣችም።

ዘንድሮ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ በአምደወርቅ ዙሪያ ያሉ መንደሮችን ዶሮ ጠርጎ ወሰደ። ባንቺ የምትባል ብርቱ ሴት ሃያ እናቶችን አስተባብራ ሰቆጣ ድረስ መጣችና፣ «ጫጩት አውጪልን፤ ጓሯችን ዝም ብሏል» አለቻት። ጥሩሐረግ እንቢ ማለት አልቻለችም። በሽታው ያልደረሰባቸውን መንደሮች በእግሯ ዞራ እንቁላል ለቀመች፤ መቶ ስድሳ አስገባች። በአሥረኛው ቀን በባትሪ ብርሃን እያየች ሕይወት ያልያዙትን ስታወጣ መቶ አርባ ስምንት ቀሩ።

አሥራ ሰባተኛው ቀን ማክሰኞ ዋለ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የማሽኑ ማራገቢያ ቀጥ አለ። የሰፈሩ ወፍጮ ቤትም አብሮ ጸጥ አለ። ደጅ ወጥታ ብትጠይቅ፣ የሌሊቱ ነፋስ ከከተማ ውጭ ምሰሶዎች እንደጣለ፣ ጥገናው ሦስት ቀንም አራት ቀንም ሊፈጅ እንደሚችል ነገሯት። ለይግዛው ደወለች።

«መብራት ጠፋ» አለችው።

«መብራትማ መች ጠፍቶ ያውቃል…» ብሎ ሊቀልድ ጀመረ።

«እንቁላሎቹ! አሥራ ሰባተኛ ቀናቸውን ይዘዋል!»

ቀልዱን ተወ። መናኸሪያ ሆኖ ሰው እየጫነ ነበር። የገቡትን ተሳፋሪዎች ይቅርታ ጠይቆ ወደ ጓደኛው መኪና አዛወራቸውና ወደ ቤት በረረ።

ሚኒባሱ ውስጥ ኢንቨርተር ነበረች፤ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ዓይነት ኤሌክትሪክ የምትቀይር ትንሽ ሣጥን። ይግዛው የሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰክቶ የተሳፋሪ ስልክ ቻርጅ ያደርግባታል። የኋላውን ወንበር ፈቱና ማሽኑን ለሁለት ተሸክመው አስገቡት። የይግዛው እናት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በሩን ይዘው «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ። ሞተሩ ተነሣ፣ ማሽኑ ተሰካ፣ ማራገቢያው ዞረ። ጥሩሐረግ «ተመስገን» ልትል አፏን ስትከፍት ማሞቂያው ሥራ ጀመረ፤ ኢንቨርተሯ ጮኸችና ጠፋች። ደግመው አበሯት፤ ጠፋች። በሦስተኛው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ከመሪው ሥር ቀጭን ጭስ ብቅ አለ።

ይግዛው ሶኬቱን መንጭቆ ነቀለው። «መኪናውን ልታቃጥዪው ነው እንዴ! ከዚህ ሌላ ምን አለን?»

«እኔ ነኝ የሰካሁት?» አለች። ዓይኗ ግን ማሽኑ ላይ ነበር። በራሱ ትንሽ ባትሪ የሚሠራው የማሽኑ ሙቀት መለኪያ ከሠላሳ ሰባት ተኩል ወደ ሠላሳ አምስት ወርዶ ነበር።

መናኸሪያው አጠገብ ጋሽ በእውቀቱ የሚባሉ ሰው አሉ፤ የፀሐይ መብራት ይገጥማሉ፣ ሬዲዮና የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራሉ። እጃቸው የታመነ ነው፣ ግን አይቸኩሉም። ሚኒባሱን በራቸው ላይ አቁመው ቢያሳዩዋቸው፣ የቀለጠውን ሽቦ በጣታቸው እያሻሹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የግመል ጭነት በፍየል ጫናችሁ። ይቺ የስልክ ናት። ለዚህ ማሽን ትልቅ ኢንቨርተር፣ ሽቦውም ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም መሆን አለበት።»

«አለዎት?»

«አንድ አለ። ለደብሩ ድምፅ ማጉያ ያስመጣሁት ነው። ቄስ ወልደ ሐዋርያትን ልጠይቃቸው።» ደወሉ። ጥሩሐረግ ፊታቸውን ታያለች። «እሺ አባ… አዎ፣ ነፍስ ያላቸው ናቸው… እሺ፣ ይባርኩን» ብለው ስልኩን ዘጉና ኮታቸውን አወለቁ።

ሥራው ተጀመረ። ሽቦውን ከባትሪው አንሥተው፣ ከጭስ ማውጫው አርቀው፣ በወለሉ ሥር ወደ ኋላ ወሰዱት። ከኋላ ግድግዳው ላይ ሁለት አዲስ ሶኬት በብሎን አሰሩ። ጥሩሐረግ በማሽኑ መስታወት ቁጥሩን ታያለች። ሠላሳ ሦስት። ሠላሳ ሁለት። እያንዳንዱ ብሎን ሲጠብቅ በደረቷ ውስጥ የሚጠብቅ ይመስላታል። በመጨረሻ ሁሉም ነገር ያለቀ ሲመስላት፣ ጋሽ በእውቀቱ ሣጥናቸውን በርብረው ቀና አሉ።

«ለዚህ ሽቦ የሚበቃ ፊውዝ የለኝም።»

«ያለሱ ያብሩልኝ! በኋላ ይገባል!»

«አላበራም፣ እህቴ። ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ፣ መኪናው ከነእንቁላሉ ከነእናንተ ይጋያል። ፊውዙ ነው ቀድሞ ተቃጥሎ የሚያድናችሁ።»

«ጋሽ በእውቀቱ፣ እየሞቱ ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ፊውዝ ፍለጋ ሄዱ።

አንድ ሰዓት ቆዩ። በሕይወቷ እንደዚያ የረዘመ ሰዓት አታውቅም። ማሽኑን በሁለት እጇ አቅፋ ተቀመጠች፤ የገላዋ ሙቀት የሚያልፍ ይመስል። ይግዛው ከፊት ወንበር ተደፍቶ የተቃጠለውን ሽቦ እየቆረጠ ያወጣል። 

«ቢሞቱስ?» አለች።

«አይሞቱም።»

«በምን አወቅህ?»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «አላወቅሁም» አላት። ከዚያ በፊት እንደዚያ መልሶላት አያውቅም። ይህ መልስ ከማጽናኛ ይልቅ ቀለላት፤ ፍርሃቱን ብቻዋን እንዳልተሸከመችው ተሰማት።

ጋሽ በእውቀቱ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ለምነው ፊውዙን ይዘው ሲመለሱ ቁጥሩ ሃያ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። ገጠሙት፣ አበሩት። ማሞቂያው ሥራ ጀመረ። ኢንቨርተሩ አልጮኸም፣ አልጠፋም። ሙቀቱ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ አምስት… ከዚያ ቁጥሩ አበደ። አርባ ሦስት አለ። ወዲያው ሠላሳ ስድስት፣ መልሶ አርባ አምስት።

«ይንቀሉት! ተቀቀሉ!» ብላ ጮኸች።

ጋሽ በእውቀቱ እጃቸውን ሶኬቱ ላይ አድርገው አመነቱ። «መለኪያው ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። እውነትም ሊሆን ይችላል። እኔ ዶሮ አላውቅም።»

ቢነቅሉት ብርድ ነው፤ ቢተዉት ምናልባት እሳት።  ይሄኔ ከቤት አብረዋቸው መጥተው ከመኪናው ጥግ የተቀመጡት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ተነሡ። የማሽኑን በር በትንሹ ከፍተው አንድ እንቁላል አወጡና ዓይናቸውን ጨፍነው የዓይናቸው ቆብ ላይ አሳረፉት። ቆዩ። ከሌላው ጥግ ሌላ አወጡ፤ እንደዚያው አደረጉ። በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ ከዚያ በአማርኛ፣

«ከታቀፈች ዶሮ ሥር እንደወጣ ነው። እንዲያውም ትንሽ ይቀረዋል። ተዪው ልጄ፣ ይሙቅ» አሏት።

«እርግጠኛ ነዎት እማ?»

«እኔ ቁጥር አላውቅም። ይህን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ጋሽ በእውቀቱ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ረጋ። ማሽኑን ዞረው ሲያዩ፣ የሙቀት መለኪያዋ ቀጭን ሽቦ ከአዲሱ ወፍራም ሽቦ ጋር ተደርባ አገኟት። ለይተው በሌላ በኩል አሳለፏት። ቁጥሩ ጥቂት ተዋዠቀና ሠላሳ ሰባት ላይ ቆመ።

ጭንቁ ግን በዚያ አላበቃም። ሚኒባሱ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ቆመ፤ ጭሱ ወደ ኋላ እንዲሄድ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞሩት። አንድ ሰዓት ሞተሩን ያስነሣሉ፣ ሁለት ሰዓት በባትሪው ይቆያሉ፤ ቀንም ሌሊትም በየተራ። ረቡዕ አለፈ፣ ሐሙስ አለፈ፤ መብራት የለም። ዓርብ ናፍጣው ሊያልቅ ሆነ፤ ማደያው ደግሞ ባዶ ነበር። ጥሩሐረግ ይህን ለይግዛው ስትነግረው ጀሪካን አንጠልጥሎ ወጣ። ሲመለስ ጀሪካኑ ግማሽ ሆኗል። የመስመሩ ሹፌሮች ከየመኪናቸው ትንሽ ትንሽ ቀድተው ሰጥተውት ነበር። አንዱማ «ጫጩት እየወለድክ ነው አሉ» ብሎ ስቆበታል።

ቅዳሜ ሃያ አንደኛው ቀን ሆነ። ጥሩሐረግ ጆሮዋን ከማሽኑ ሳትነቅል ዋለች። ምንም የለም፤ አንድም ቅርፊት አልተሰነጠቀም። የዚያን የመጀመሪያ ዙር ጫጩቶች ምንቃራቸውን ክንፋቸው ሥር እንደሸጎጡ አየቻቸው። ያቺን የጎረቤት ቃልም ሰማቻት። ለይግዛው ግን አልነገረችውም። ይግዛውም ሳይጠይቅ ሞተሩን በሰዓቱ አስነሣ።

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከቅዳሴ ተመልሰው ጫማቸውን ሳያወልቁ ወደ መኪናው መጡ። በሩ አጠገብ ቆም አሉና እጃቸውን አነሡ። «እስኪ ዝም በሉ።»

ይግዛው ሞተሩን አጠፋ። ከማሽኑ ውስጥ ቀጭን፣ የተቆራረጠ ድምፅ ተሰማ። ጥሩሐረግ በመስታወቱ ብታይ አንዱ እንቁላል ላይ ትንሽ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው የምትንቀሳቀስ ቢጫ ምንቃር አየች። ብርዱ አዘግይቷቸው ኖሯል እንጂ አልሞቱም። ተቀመጠች። እንባዋ መጣ፤ ግን «ገና አንድ ናት፣ ገና አንድ ናት» እያለች ራሷን ትከለክላለች።

እስከ ሰኞ ማታ ዘጠና አንድ ወጡ። የቀሩት ሃምሳ ሰባቱ አልወጡም። መብራት የመጣው እሑድ ከሰዓት፣ ግማሾቹ ከወጡ በኋላ ነበር። ይግዛው ማሽኑን ወደ ቤት እንመልሰው ሲላት «አይነካ! ባለበት ይጨርስ» አለችው፤ እሱም አልተከራከረም። ጋሽ በእውቀቱ ሽቦውን ሊያዩ መጥተው፣ ለደብሩ ሌላ ኢንቨርተር እንዳዘዙና ይኸኛው እዚያው እንደሚቀር ነገሯቸው። የስልክ ሶኬቶችንም በዚያው በአዲሱ መስመር ላይ አሰሩላቸው።

ማክሰኞ ጫጩቶቹን በካርቶን አድርገው ወደ አምደወርቅ ጫኗቸው። አዲሱ ሶኬት ላይ አምፖል ሰክተው አሞቋቸው። ተሳፋሪዎቹ ካርቶኖቹን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ሄዱ። ባንቺ ከእናቶቹ ጋር መንገድ ላይ ጠበቀቻቸው። ጥሩሐረግ ከመኪናው ወርዳ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች።

«መቶ አርባ ስምንት ነበሩ። መብራቱ ሲጠፋ፣ እኔ እንኳ…»

«የሞተውን አትንገሪኝ» አለቻት ባንቺ፣ ካርቶኑን ከእጇ እየተቀበለች። «አራት አራት ይደርሰናል፣ ትርፍም አለን። ክትባታቸው መቼ እንደሆነ ንገሪን።»

ጥሩሐረግ ነገረቻቸው፤ የመጀመሪያው በሰባተኛው ቀን፣ በዓይን ጠብታ። እናቶቹ እየተቀባበሉ ደገሙት። አንዲቱ ጫጩቶቿን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤቷ አቅጣጫ ስትሄድ ጥሩሐረግ ዓይኗን ከኋላዋ አልነቀለችም።

«አሁን ደግሞ ምን አሰብሽ?» አላት ይግዛው መኪናውን እያስነሣ።

«እዚህ አገር ማታ ይበርዳል» አለች። «ትንሽ ቆይ፤ ከምድጃው አጠገብ እንዲያሳድሯቸው ልንገራቸው» ብላ እንደገና ወረደች።