ጌሾው እስኪታይ

የካሳ ገማቾቹ ዘንዘልማ ካለው ጓሯችን የደረሱት ሚስቴ ጌሾውን በለቀመች በሦስተኛው ቀን ነው። የማኅበር ተራ ደርሶን ነበር፤ ከጠላው የተረፈውን ቅጠል ለገበያ አስጥታዋለች። ጌሾ ያለው ሰው ያውቃል፤ ተለቅሞ ሲያልቅ ጭራሮው ብቻ ይቀራል፤ ለማያውቅ የሞተ ይመስላል፤ በሁለት ወር ግን መልሶ ይለብሳል።

ሰፈራችን ለመንገድና ለቤት መሥሪያ ተፈልጎ እንደምንነሳ ከተነገረን ቆይቷል። ለካሳው ይቆጠርልናል ብለው ጎረቤቶቻችን ከወንዝ ዳር ቅርንጫፍ እየቆረጡ ጓሯቸው ሲሰኩ ሰነበቱ። ሚስቴ "እኛስ?" ብትለኝ በቤቴ ሐሰት አይተከልም አልሁ። ልጆቼንም ሰብስቤ ስለ እውነት አንድ ሰዓት ያህል መከርኋቸው።

ከገማቾቹ አንዱ፣ ወጣት ነው፣ ጌሾው ዘንድ ቆመ።

"አባባ፣ ይኼ ደርቋል አይደል?"

"ኧረ ተለቅሞ ነው! ቅጠሉ ያውና ሰሌን ላይ፤ ና ላሳይህ።"

"እኛ የምንቆጥረው የቆመውን ነው። የተሰጣውንማ ምን ብዬ ልመዝግበው?"

ጓደኛው ሳቀ። እኔ ለወጣቱ ስለ ሕሊና፣ ስለ ደሀ እንባ ልነግረው ጀመርሁ። እሱ ግን "የደረቀ ቁጥቋጦ" ብሎ ጽፎ ወደ ጎረቤቴ ተሻገረ። እዚያ የተሰካውን ቅርንጫፍ አንድ በአንድ ቆጠረው፤ ቅጠል ነበረውና።

ጌሾው የሚስቴ ነው። እኔ በሬ ስከተል እሷ በጌሾዋ ልጆቹን ደብተር አስይዛለች። ከተነሳን በኋላም በካሳው ከተማ ውስጥ ግሽ አባይ በሚባለው ሰፈር አንዲት ትንሽ ሱቅ ልትይዝ ነበር ሐሳቧ። ለደረቀ ቁጥቋጦ ግን ካሳ የለም።

ተማሪ ቤት ሳልገባ ከልጆቼ ደብተር መጻፍ የተማርሁ ነኝና ማመልከቻውን በእጄ ጽፌ ቅሬታ ሰሚው ቢሮ አስገባሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብመለስ ጸሐፊዋ መዝገብ ገልጣ፣

"አባቴ፣ ለገማቾቹ ተልኳል፤ መልስ ሲሰጡበት እንጠራዎታለን" አለችኝ።

"የከሰስሁት ሰው ነው የሚፈርድብኝ?"

"አሠራሩ ነው፣ አባቴ።"

ከዚያ ወዲያ ምልልስ ሆነ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሥልጠና ሄደዋል፤ ከምሳ በኋላ ይመለሱ። ከምሳ በኋላ ሲሉኝ ከቢሮው በታች ካለው ሐይቅ ዳር ወርጄ እቀመጣለሁ። እዚያ እንደ እኔ የሚመላለሱ አንድ ጀልባ ሠሪ ሽማግሌ አገኝ ነበር። ጀልባ የሚሠሩበትን ዳስ ገማቾቹ "ጥላ" ብለው መዝግበውባቸዋል።

"ጥላ ቢሆንማ፣" አሉኝ አንድ ቀን፣ "ፀሐይ ስትዞር እሱም በዞረ ነበር!" ሳቅን። ቀጥለው ግን "ወንድሜ፣ እኔስ እግሬ አልቋል፤ ትቼዋለሁ" አሉ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

በሁለት ወሩ ጌሾው ለበሰ። ደስ ብሎኝ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ ቢሮ ይዤ ሄድሁ።

"ቅርንጫፍማ ከየትም ይመጣል፣ አባቴ። ባለበት ኮሚቴ መጥቶ ነው የሚያየው። ተራ ይያዝልዎታል" አለችኝ ጸሐፊዋ።

አልተቆጣሁም፤ ጎረቤቶቼ ቅርንጫፍ ሲያመጡ በዓይኔ አይቻለሁና ምን እላለሁ? ቤቴ ገብቼ፣ ኮሚቴው እስኪመጣ አንድ ቅጠል እንዳይነካ አልሁ።

"እስከ መቼ?" አለች ሚስቴ።

"እስኪታይ።"

"አንተ ሰው፣ ጌሾ ሲለቅሙት እኮ ነው የሚያምርበት።"

"ለቅመሽው ቢመጡስ ምን ልናሳይ ነው?"

ጠላ ጠማቂዎች እየመጡ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የማኅበሩ ተራ ዞሮ ሲደርሰን ሚስቴ ከገበያ ጌሾ ገዝታ ገባች፤ እኔም እንዳላየ ሆንሁ። ክረምቱ አለፈ፣ በጋ ገባ፤ የመንገዱ ቆፋሪ መኪና ቦያችንን ቆረጠው፤ በአጥሩ በኩል የሄደውንም የጌሾውን ሥር በጠሰው። በጀሪካን ውኃ ብናመላልስም ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ረገፈ። ያን ያህል ውኃ ሐይቁ ላይ ተኝቶ እያየሁ ነው ከቢሮ የምመለስ።

ኮሚቴው የመጣ ማመልከቻውን ካስገባሁ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ይዘውት የመጡትም ያንኑ ወጣት ነው። ጌሾው ዘንድ ቆሞ አየው፤ በዚህ ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም።

"አባባ፣ ያኔስ ይኸው አልነበር?"

"አልነበረም። ያኔ ነፍስ ነበረው።"

"በምን ይታወቃል?"

ሚስቴ ቀድማኝ ቀረበች። አንዱን ግንድ ይዛ ልጡን በአውራ ጣቷ ጥፍር ፋቀችው። ውስጡ ቡናማ ነበር።

"በዚህ ይታወቃል" አለችው። "ሕያው ቢሆን ከልጡ ሥር አረንጓዴ ያሳይሃል።" ቀጥላም ወደ እኔ ዞረች፤ "ያን ቀን እኔ ገበያ ነበርሁ። አንተ ነበርህ የቆምኸው።"

ይህን ጌሾ የተከለ ቤት ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ያን ቀን አንዲት ጥፍር በቂ ነበረች፤ እኔ ግን ስለ እውነት ስናገር እውነቱን ማሳየት ረሳሁ። ቢሮው ዓመት አስቀምጦ በደለኝ፤ ይህን እስክሞት እናገራለሁ። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን አላስነካም ያልሁት ግን እኔ ነኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

ወጣቱ እስክሪብቶውን አወጣ። "ምን ብዬ ልጻፈው፣ አባባ?"

"ያየኸውን ጻፍ" አልሁት። ጻፈ። ቃል በቃል አነበብሁት፤ ሐሰት አላገኘሁበትም፤ ፈረምሁ።

በማግሥቱ ሚስቴ ጌሾውን ለማገዶ ትቆርጠው ጀመር። ጥቂት ቆሜ አየኋትና መጥረቢያውን ተቀበልኋት።