የአባቴ ጥይቶች የከሸፉበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት የላብራቶሪ መምህራችን የማይሠራ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠና፣ "ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፤ መጨረሻ የነካው ማን ነው?" አለን። በአርባ ሦስት ዓመቴ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ መምህሩ የሚለውን ሁሉ እጽፋለሁ። ይህን ግን መጻፍ አቃተኝ። ሐሳቤ ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር ወደነበረው ቤታችን፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ወደነበረበት ጊዜ ሄደ።

አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከለንደን ወጣ ብሎ ወዳለ የዒላማ ተኩስ ክለብ ይሄዳል። ፈቃድ ነበረው። ጥይቱንም በጓሯችን ባለችው የእንጨት ክፍል ራሱ ይሞላል፤ የተተኮሰውን ቀለህ ያጸዳል፣ ባሩድ ይመዝናል፣ ሥሩ ላይ አዲስ ካፕሱል ይገጥማል። ካፕሱል ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥል፣ ከምስር ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። እሱን ሳህን ላይ መደርደር የእኔ ሥራ ነበር። "እጅሽን ታጥበሽ አድርቂ። ወዝም እርጥበትም ይገድለዋል" ይለኛል። ምስጋና አያበዛም፤ አንድ "ጎበዝ" ካገኘሁ ሳምንቱን ሙሉ ትበቃኝ ነበር።

እናቴ ያቺን ክፍል ትፈራታለች። በየወሩ በሃያ አንድ ቤቱን ጸበል ትረጭ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ወገቧን ስላመማት ጠርሙሱን ለእኔ ሰጠችኝ።

"የጓሮዋንም እንዳትረሺ።"

"እማዬ፣ አባዬ እርጥበት አይወድም።"

"ጸበል እርጥበት ነው እንዴ? ሰው እንዳይጎዳበት ብዬ ነው። ትንሽ ጠብ ጠብ አድርጊበት።"

የሁለቱም ጥሩ ልጅ መሆን ፈለግሁ። ረጨሁ። ካፕሱሎቹን በደረደርሁበት ሳህን ላይ ያረፉትን ጠብታዎች በሹራቤ እጅጌ ጠረግሁ፤ ሁሉንም የጠረግሁ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ አባቴ ገብቶ ጥይቶቹን ሞላ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክለቡ ለውድድር የሚሄዱትን ይመርጥ ነበር። አባቴ ይህን ቀን ዓመት ሙሉ ጠብቆታል። እኔም አብሬው ሄድሁ። ሜዳው በረገፈ እርጥብ ቅጠል ይሸታል። ቆሎ ለጓደኞቹ አዳርሶ በሆዱ ተኛና አነጣጠረ።

ጠቅ። ዝም።

እንደ ደንቡ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሳ ጠበቀ። ቀጣዩ ተኮሰ። ሦስተኛው እንደገና ጠቅ አለ። ከአሥሩ አምስቱ ከሸፉ።

"ጥይትህም እንደ አውቶቡስህ ነው፤ ስንጠብቀው አይመጣም!" አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ጆሮዎቹ ግን ቀልተው ነበር። ሳይመረጥ ቀረ።

ሳምንቱን ሙሉ ምክንያቱን ፈለገ። ጠመንጃውን ፈታታው፣ ባሩዱን እንደገና መዘነ። አንድ ቀን እራት ላይ፣ "መምቻውን ቼክ አደረግሁ፣ ደህና ነው። ባሩዱም ደህና ነው። ስትደረድሪ የተለየ ነገር አይተሻል?" አለኝ።

እናቴ ምድጃው አጠገብ ሽንኩርት ታቁላላለች። ማማሰሏን አቆመች። ብናገር ቤቱ ምን እንደሚሆን ታየኝ።

"አላየሁም፣ አባዬ።"

እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተመለከታቸው። "እንግዲያው እጄ ነው። ሰሞኑን ይንቀጠቀጥብኛል። አገጣጠሜ ተበላሽቷል።"

ብርዱ ሳይገባ ጠመንጃውን ሸጠ። እናቴ፣ "ለካ ሰምታኛለች፤ ማንንም ሳይጎዳ ተወው" ብላ ለእመቤታችን ሻማ አበራች። እኔ ሻማውን ያዥ ተብዬ ያዝሁ።

ከዚያ የላብራቶሪ ትምህርት በኋላ፣ እሑድ ዕለት፣ ልነግረው ሄድሁ። አሁን እጆቹ እውነትም ይንቀጠቀጣሉ።

"አባዬ፣ ያኔ ጥይቶቹ የከሸፉት..."

"እጄ ነዋ!" አለ ፊቱ በርቶ። "ሌላው፣ ሰው እስኪከለክለው ድረስ ይጠብቃል። እኔ ግን ራሴ አውቄ አቆምሁ። በሕይወቴ በጊዜው ያወቅሁት ነገር ቢኖር እሱ ነው።"

ይህን ከእሱ ልወስድበት አልቻልሁም። ውኃ ጠየቀኝ። እንዳይፈስበት ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ ሞልቼ ሰጠሁት።

"ጎበዝ" አለኝ።