በቀን መብራት ያበራው ሚኒባስ

ነገሩ የሆነው አምና፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊደርስ ሲል ነው። ነርስ ነኝ፤ ሶዶ ውስጥ በጠና የታመሙ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል እሠራለሁ። ብዙ ሰው እጄ ላይ አርፏል። ይኼኛው ግን ዛሬም ድረስ በቀን መብራት ያበራ መኪና ባየሁ ቁጥር ከተቀመጥኩበት ያስነሳኛል።

አቶ ዳልኬ የኦፋ ገበሬ ነበሩ፤ ቤታቸው ከገሱባ አለፍ ይላል። ካንሰሩ ጉበታቸው ውስጥ ገብቶ ስለነበር ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም ካሉ ሰነበቱ። ለእኛ የቀረን ሕመማቸውን ማስታገስ፣ አፋቸውን ማርጠብ፣ መኝታ እንዳያቆስላቸው ማገላበጥ ነበር። እሳቸውም ያውቁታል። አንድ ጠዋት አንሶላ ስቀይር እጄን ያዙና፣ «ሲስተር፣ በሕይወቴ ቤቴ ልግባ። ሬሳ ሆኜ አልግባ» አሉኝ።

ልጃቸው አስቴር ልትወስዳቸው ቆረጠች፤ መድኃኒቱን ብቻዋን መስጠት ግን ፈራች። የእረፍት ቀኔ ነበር። ቤት ብውልም ሐሳቡ እንደማያስቀምጠኝ ስለማውቅ አብሬ እሄዳለሁ አልኩ።

በእኛ ዘንድ ታማሚ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ እየተንጋጋ መጥቶ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ባልቻ የሚባለው የመጨረሻ ታናሽ ወንድማቸው። በመሬት ድንበር ተጣልተው፣ አጥር ለአጥር እየኖሩ ለዓመታት አልተነጋገሩም። ይህንን የነገረችኝ አስቴር ናት። እሳቸው ስሙን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም።

ሚኒባስ ተኮናተርን። የኋላ ወንበሮቹ ወጥተው ፍራሽ ተነጠፈ። ሹፌሩ በሽተኛውን እንዳየ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሲስተር፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆኑስ?»

«አይሆኑም» አልኩት። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት እግዜር ይወቀው።

ከከተማ እንደወጣን መንገዱ ያንገጫግጨን ጀመር። ጉድጓድ በገባን ቁጥር አቶ ዳልኬ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። «ኧረ ቀስ በል!» እላለሁ። ሹፌሩ ቀስ ሲል ደግሞ ሳንደርስ የሚያልፉ ይመስለኛል። ጣቴን ከእጃቸው የደም ሥር ላይ ማንሳት አቃተኝ። ትርታው ይጠፋብኛል፣ እደነግጣለሁ፣ መልሼ አገኘዋለሁ። የማስታገሻውን ሽሮፕ እከፍታለሁ፤ ሰዓቱ አልደረሰም፤ እዘጋዋለሁ። አስቴር ስታየኝ ቆይታ፣ «ሲስተር፣ አንቺ እኮ ከአባባ ባስሽ» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ኦፋ ስንገባ ጉም ወረደ። ሹፌሩ ከፊት የሚመጡት ሞተሮች እንዲያዩን ብሎ መብራት አበራ። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ስትወጣ ማጥፋቱን ረሳው። እኔ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ስለተቀመጥኩ ልብ አላልኩም።

ወደ ሰፈሩ ስንታጠፍ የአንዲት ሴት ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ የብዙ ሰው። በመስኮት ባይ ሕዝቡ ከየእንሰቱ ጓሮ እየወጣ ወደ እኛ ይሮጣል። ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ። አስቴር ከእኔ ቀድሞ ገባት።

«መብራቱን አጥፋው!» ብላ ጮኸች። «ሬሳ የያዝን መስሏቸዋል!»

እውነቷን ነው። በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ የሚያዘግም መኪና ሌላ ምን ይጭናል? ሰዉ ደግሞ ከሆስፒታል የሚመጣውን ሲጠብቅ ነው የዋለው። ቀስ በል እያልኩ ያስዘገምኩት ደግሞ እኔ ነኝ! ሹፌሩ መብራቱን አጠፋ፤ ለቅሶው ግን እየባሰ ሄደ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «አልሞቱም! አልሞቱም!» አልኩ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የእኔን አማርኛ ማን ይስማ? እዚህ ድረስ አምጥተናቸው በራቸው ላይ በድንጋጤ ልናጣቸው ነው አልኩ። ዘልዬ ልወርድ ስል ሹራቤ ተያዘ።

አቶ ዳልኬ ናቸው። ዓይናቸውን ገልጠው ያዳምጣሉ።

ልክ ከመኪናው ጎን አንድ ሰው «ታ ኢሻው! ታ ኢሻው!» እያለ ይጮኻል። በወላይትኛ ወንድሜ፣ ወንድሜ ማለት ነው፤ ይህችን ያህል እኔም አውቃለሁ።

«ባልቻ ነው?» አሉ አቶ ዳልኬ።

አስቴር አዎ ብላ አንገቷን ነቀነቀች።

«ወርጄ ዝም ላሰኘው» አልኩ።

«ተይው፣ ሲስተር» አሉኝ ሹራቤን ሳይለቁ። «ትንሽ ልስማው።»

መልሼ ተቀመጥኩ። እኔ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሴትዮ፣ ቁጭ ብዬ ሰው የራሱን ለቅሶ ሲሰማ አየሁ። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ። ፊታቸው ላይ ግን ለስንት ጊዜ ያላየሁት እፎይታ ነበር።

በሩን የከፈተው ራሱ ባልቻ ነው፤ ሬሳውን ቀድሞ ሊያነሳ። ከወንድሙ ጋር ዓይን ለዓይን ሲጋጠም ለቅሶው አፉ ላይ ቀረ። የሚገባበት አጣ። ወደኋላ ሊል ፈልጎ ነበር መሰለኝ፤ ከኋላው ግን ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል። አቶ ዳልኬ በደከመ ድምፅ በወላይትኛ አንድ ነገር አሉት። በሩ አጠገብ የነበሩት እንባቸው ሳይደርቅ በሳቅ ፈነዱ። ምን አሉ ብዬ አስቴርን ጠየቅኳት።

«ካለቀስክልኝ አይቀር ተሸከመኝ ነው ያለው።»

ተሸከማቸው። እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በተጣሉበት ድንበር በኩል አልፎ ቤታቸው አስገባቸው። እኔ ሽሮፔን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ።

አቶ ዳልኬ ለጊፋታ አልደረሱም። ያረፉት እንደተመኙት አልጋቸው ላይ ነው። እስከዚያው አፋቸውን በጥጥ ሲያረጥብ የነበረው፣ እንዴት እንደሚደረግ ያሳየሁት ባልቻ ነው። አስቴር ደውላ ስታረዳኝ፣ «የእውነቱ ቀን አጎቴ ድምፅ አልወጣለትም። ቀድሞ ጨርሶታል» አለችኝ።

አሁን ሶዶ ውስጥ መብራት ያበራ መኪና ሲያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ መቆም አልችልም። ጠጋ ብዬ በመስኮቱ ማየት ያምረኛል። ሞኝነት መሆኑ አይጠፋኝም፤ ብቻ እዚያ ውስጥ የተኛው ሰው ማን እንደሚያለቅስለት ሳይሰማ መሄዱ ያንገበግበኛል።

ሥራ ቦታም አዲስ ጸባይ አምጥቻለሁ። በሽተኛ ገብቶ አልጋ ሲይዝ፣ የት ጋ እንደሚያመው ከጠየቅኩ በኋላ አስታማሚውን ወደ ጥግ እወስደዋለሁ። ባልደረቦቼ ምን አገባሽ ይሉኛል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤

«ሊጠይቀው ያልመጣ ማን አለ?»