በጣሳ ድምፅ የሚመጡ ድኩላዎች

አስጎብኚ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጡኝ የጫካው ጥበቃ ጋሽ ቱፋ ናቸው። በደርግ ጊዜ ማኅበራትና ቀበሌዎች አባሎቻቸውን እሑድ እሑድ ለሽርሽር ያወጡ ነበር። እኔም የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞችን በኦቶቡስ ይዤ፣ ልደታ ከነበረው ቢሯችን ተነሥቼ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው የጥድ ጫካ በር ደረስኩ። ጋሽ ቱፋ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰላም ካሉኝ በኋላ፣ "ልጄ፣ እንስሳ ማየት ከፈለግሽ መጀመሪያ ሰዎችሽን ዝም አሰኚ" አሉኝ።

ማን ዝም ይላል? አንዱ ከበሮ ይዟል፣ ሌላው ቴፕ አንጠልጥሏል። ያን ቀን ያየነው የአንድ ጉሬዛ ጭራ ብቻ ነው፤ እሱንም ያየነው እኔና ሹፌሩ ነን።

ከየጉዞው በኋላ የምሞላው ቅጽ ነበር፦ መነሻ ሰዓት፣ የጎብኚ ብዛት፣ የታዩ እንስሳት። የክፍል ኃላፊያችን ጓድ መርዕድ ሌላውን አያነበውም። ጣቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ያርፋል።

"ጓድ ዘነበች፣ ወዛደሩን የወሰድሽው ዛፍ ሊቆጥር ነው?" አለኝ።

"እንስሳቱ ይደበቃሉ፣ ጓድ።"

"ዕቅዱ ውስጥ መደበቅ የሚባል ነገር የለም።"

እናቴንና ሁለት እህቶቼን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ዘዴ ፈለግሁ። አብነት ሰፈር ካለ ሱቅ ለከብት የሚሸጠውን አሞሌ ጨው እየገዛሁ፣ ረቡዕ ረቡዕ በጭነት መኪና እየተሳፈርኩ ጫካው መሄድ ጀመርኩ። ከምንጩ አጠገብ ካለው ገላጣ ቦታ ጨውን ፈርፍሬ አስቀምጥና የዱቄት ወተት ጣሳ በድንጋይ ሦስት ጊዜ እመታለሁ። ከዚያ ርቄ እቀመጣለሁ። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እርምጃ እየቀረብኩ ሄድኩ።

ጋሽ ቱፋ ነገሩን አልወደዱትም። "የእነዚህ ትጥቃቸው ፍርሃት ነው፤ ትጥቃቸውን አታስፈቺ" አሉኝ።

"እኔን ይልመዱኝ እንጂ ሌላውንማ ይፈራሉ፣ ጋሽ ቱፋ።"

የእኔም ስህተት ያቺ ንግግር ነበረች።

ክረምቱ ሲወጣ አራት ድኩላዎች ለመዱኝ፦ ቀንዳሙ ጥቁር ወንድ፣ ሁለት ሴቶችና አንዲት ግልገል። ግልገሏን መጀመሪያ ያየኋት እሑድ ስለነበር ሰንበቴ አልኳት። ጣሳውን ስመታ ከቁጥቋጦው ይወጣሉ። ጎብኚው አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ከበሮ መቺው ሳይቀር ዝም ይላል። በዓመቱ መጨረሻ ኮከብ ሠራተኛ ተባልኩ። እናቴ የምስክር ወረቀቱን በፍሬም አስገብታ ልደታ ከነበረው ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ ቦታው ኮንዶሚኒየም ሆኗል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጓድ መርዕድ ቢሮ መጥቶ፣ "ጣሳሽን ያዢ፤ ድኩላዎቹን ማየት የሚፈልጉ እንግዳ አሉን" አለኝ። ላንድሮቨሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ተቀምጠዋል። ትሑት ሰው ነበሩ። "እውነት በጣሳ ይመጣሉ?" ብለው ጠየቁኝ። "አዎ ጓድ፣ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም" አልኩ፤ ኩራቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከኋላ ወንበር ላይ ረጅም የቆዳ ከረጢት ተጋድሟል። አየሁት፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ጠመንጃው ከከረጢቱ የወጣው የጫካው በር ላይ ነው። ጋሽ ቱፋ መንገዱ መሐል ቆመው፣ "የአደን ፈቃዱን ልየው፣ ጌታዬ" አሉ። ጓድ መርዕድ፣ "ፈቃዱ እኔ ነኝ፤ ዞር በል" አላቸው። ጋሽ ቱፋ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። "ጣሳው ጠፋኝ በይ" አሉኝ በሹክሹክታ።

ጣሳው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ገላጣው ቦታ ስንደርስ ጓድ መርዕድ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ "በይ እንጂ" አለኝ። አወጣሁት። ሦስት ጊዜ መታሁ።

ሰው ሲጠይቀኝ ፈርቼ ነው እላለሁ። እውነትም ፈርቼ ነበር። ግን ያ ብቻ አይደለም፤ ስጠራቸው እንደሚመጡም ላሳይ ፈልጌ ነበር። ይህን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አራቱም መጡ። ጥቁሩ ወንድ ከፊት ነበር። ጠመንጃው በግልጽ ተደግኖበት እሱ የሚያየው እኔን ነው። ተኩሱ ሲጮህ ጆሮዬ ደነቆረ። ወንዱ በፊት ጉልበቱ ተንበረከከ፤ የቀሩት ወደ ቁጥቋጦው ገቡ። እንግዳው ጠመንጃቸውን ዝቅ አድርገው ሳቁ። "ይሄማ አደን አይደለም፤ በግ ተራ ሄዶ በግ መግዛት ነው" አሉ።

እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። ላንድሮቨሩ እንስሳውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ጋሽ ቱፋ መጥተው ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ጣሳውን ከእጄ አወጡት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የባሰው ድንጋጤ ግን የመጣው እሑድ ነው። የቀበሌ ሴቶችን ይዤ ሄድኩ። ጣሳ አልያዝኩም፤ ድኩላዎቹም ከእንግዲህ ሰው ባለበት ድርሽ አይሉም ብዬ ነበር። አንዷ ሴት ምሳ ልታቀርብ ስትል የድስቷን ክዳን በጭልፋ ቀጭ ቀጭ አደረገችው። ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰ። ሦስቱ ወጡ፤ ሰንበቴ ከፊት ከፊት ትዘላለች። ሴቶቹ በደስታ አጨበጨቡ። እነሱ የቆሙበት ሣር ላይ የሐሙሱ ደም ገና አልጠፋም ነበር። ሐሙስ ዕለት የሆነውን ዓይናቸው እያየ፣ እንደገና መጡ። እንዲህ አድርጌ ነው ያስለመድኳቸው።

ረቡዕ ዕለት ጋሽ ቱፋ ዘንድ ሄጄ፣ "እንዴት ነው ልማዱን የማስተዋቸው?" አልኳቸው።

"እንዳስለመድሽው ነዋ። ጣሳውን ምቺ" አሉና ከመሬት ድንጋይ አንሥተው ሰጡኝ።

በየረቡዑ ጣሳ እየመታሁ ጠራኋቸው፤ ሲመጡም በድንጋይና በጩኸት ተቀበልኳቸው። ሁለቱ ሴት ድኩላዎች ቶሎ ሸሹ። ሰንበቴ ግን እንቢ አለች። ጎኗን ስመታት ትንሽ ሸሸት ብላ ቆመች፤ ጨው የረሳሁ መስሏት ይሁን እንጃ፣ ተመልሳ ወደ እኔ መጣች። እያለቀስኩ ደግሜ ወረወርኩ። የዚያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ያንን የምስክር ወረቀት ከግድግዳው አወረድኩት።

ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ ረቡዕ ጣሳውን መታሁ፣ ማንም አልመጣም። ደግሜ መታሁ። ጫካው ጭር አለ። ጋሽ ቱፋ ኮፍያቸውን ደፉና፣ "አሁን ታጠቁ" አሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ቅጼ ላይ ግን "የታዩ እንስሳት፦ የለም" የሚለው በዛ። በግምገማ ላይ ጓድ መርዕድ ኮከብ ሠራተኛዋ ተኝታለች ብሎ ከሰሰኝ፤ ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። ተነሥቼ፣ "ጥፋቴ አራት ድኩላ ማስለመዴ ነው፤ ሦስቱን አርሜአለሁ" አልኩ። ተሰብሳቢው እርስ በርሱ ተያየ። ጓድ መርዕድ አቀርቅሮ ወረቀቱን አገላበጠ። በወሩ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ድንኳንና ብርድ ልብስ ሳድል ኖርኩ።

ዛሬ አስጎብኚ ለሆናችሁ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። እንስሳ እናንተን ብቻ ለይቶ አያምንም፤ እናንተን እንዲያምን ስታደርጉት ከኋላችሁ የሚመጣውንም እንዲያምን አድርጋችሁታል። ሸሽቷችሁ ከዋለ፣ ቅጹ ላይ "የለም" ብላችሁ ጻፉና ወደ ቤታችሁ ግቡ።