መምህሩ የሚያዳምጡት ዓሣ

ያን ዓሣ የገደልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ አፌን ሞልቼ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

መቐለ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበርኩ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ጨርቅ ሲነግድ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። የባዮሎጂው መምህር ጡረታ የደረሱ ሰው ነበሩ፤ «ጓለይ» ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ዓሣውን ከተከዜ በጀሪካን አስመጥተው ቤተ ሙከራው ውስጥ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ያኖሩት እሳቸው ናቸው። አፉ እንደ ኩምቢ ወደ ታች የተቆለመመ፣ መልኩ ጭቃ የመሰለ፣ እውነቱን ልናገርና ሲያዩት የሚያስጠላ ፍጥረት ነበር። በደፈረሰ ውሃ ስለሚኖር ዓይኑ ብዙም አይጠቅመውም፤ ከጅራቱ ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየለቀቀ ነው ዙሪያውን የሚያውቀው። መምህሩ ሁለት ሽቦ ውሃው ውስጥ ነክረው ከአሮጌ ቴፕ ድምፅ ማጉያ ጋር ሲያገናኙት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ተማሪው ጉድ እያለ ያዳምጣል።

የመምህሩ ዓይን ግን እየጠፋ ነበር። አንድ ቀን ሰሌዳው አልቆ ግድግዳው ላይ ሲጽፉ አየሁና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ጠዋት ጠዋት ከሰፈራቸው ከዓይደር በባጃጅ ቀድመው ይመጡና ክፍል ሳይገቡ ዓሣው አጠገብ ቁጭ ይላሉ። «ይኼ በጨለማ መኖር ከቻለ እኔም አያቅተኝም» አሉኝ አንዴ። ሰውየው የያዙት ተስፋ ያ ብቻ ነበር።

ለሕክምና አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ዓሣውን ለእኔ አደራ ሰጡኝ። በየሦስት ቀኑ ውሃውን በግማሽ ቀንሼ ቤተ ሙከራው ካለው የቧንቧ ውሃ በርሜል እንድተካ ነገሩኝ። የመቐለን ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ያን ሰሞን ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። በርሜሉ ሥር የቀረው ውሃ፣ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ነገር የሚጋግር፣ እናቴ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል እያለች የምትረግመው ዓይነት ነው። እንዴት ለአደራ ዓሣ ይኼን እሰጣለሁ ብዬ፣ ለሙከራ ያስቀመጥነውን የተጣራ ውሃ፣ መኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረውን፣ የድሮውን ደፍቼ ሙሉ በሙሉ ገለበጥኩለት። ለሰው ያልተገኘ ንጹህ ውሃ! ኮርቼም ነበር፣ ወይ እኔ። ለካ ቅንጣት ጨው የሌለው ውሃ ዓሣ ይገድላል። በማግስቱ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፎ አገኘሁት።

መምህሩም ሕክምናው ዘግይቶባቸው ጨርሶ ማየት ተስኗቸው ተመለሱ። ሚስታቸው እጃቸውን ይዘው ቤተ ሙከራው ድረስ አምጥተዋቸው ወጡ። ገና ሳይቀመጡ ማጉያውን እንዳበራላቸው ጠየቁኝ። መናገር ሲገባኝ አበራሁና ከኋላ ቆሜ የሽቦውን ጫፍ በጥፍሬ መታ መታ አደረግኩ። ጠቅ፣ ጠቅ አለ። እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ትንሽ ቆዩና ፈገግ አሉ፤ በደንብ ጠብቀሽዋል ብለው መረቁኝ። ያ ምርቃት ያቃጠለኝን ያህል ስድብ አቃጥሎኝ አያውቅም።

እንዲህ ስንል ወራት አለፉ። በሳምንት ሁለቴ ይመጣሉ። እኔም ሌሎቹ መምህራን እንዳያጋልጡኝ ለምኜ፣ ባዶ ውሃ እየቀየርኩ ሽቦ እመታለሁ።

አንድ ጠዋት እየመታሁ ሳለ ዞር ብለው እጄን ያዙኝ።

«ተይው ጓለይ፣ ጣትሽ ይረፍ። ዓሣው ውሃው ውስጥ እጅ ሲገባበት ጠቅታው ይፈጥናል፤ አንቺ አንድ ቀንም አልፈጠንሽም።»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። እንባዬ ቀደመኝ፤ ታዲያ ለምን እንደሚመጡ ጠየቅኳቸው።

«እንዳትጸጸቺ ብዬ ነበር» አሉ። «አሁን ግን ደከመኝ።»

ደግፌ ባጃጅ ላይ አሳፈርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው አልወጡም።