ጥንቸሏ መብላት ያቆመች ሰሞን

ከአዋሽ ወደ ሰመራ ስቀየር ልጄ አብራን ለመምጣት ያስቀመጠችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፤ ጥንቸሏም ትምጣ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷንና ጓደኞቿን ትታ ለምትመጣ ልጅ ይህን መከልከል አልሆነልኝም። ነጯን ጥንቸል በተበሳሳ የዘይት ካርቶን ውስጥ አድርገን ያን ሁሉ መንገድ በሚኒባስ ወረድን። ገዋኔ ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም የከባድ መኪና ሾፌሮች ካርቶኑን ከበቡት። አንዱ "ለሥጋ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ ካርቶኑን አቅፋ ጀርባዋን ሰጠችው፤ መኪና ውስጥ ገብታም እስክንነሳ ድረስ አልወረደችም።

ባለቤቴ ጥንቸል በእኛ ሃይማኖት የማይበላ እንስሳ ስለሆነ ማዕድ ቤት እንዳትደርስ አለች። እኔም "ማን ሊበላት ነው?" አልኩ፣ ግን አልተከራከርኩም። መኝታ ቤት ደግሞ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ስለዚህ ጥንቸሏ ቬንቲሌተር ያለበት ሳሎን ገባች፤ እኔ ቀን ከምጋደምበት ፍራሽ አጠገብ ማለት ነው።

ሰመራ ሥራ በጠዋት ይገባል። ፀሐይ ስትበረታ ቢሮ ይዘጋና ሰው ወደየቤቱ ይበተናል፤ አመሻሽ ላይ እንደገና ይከፈታል። በመሃል ያለውን ጊዜ የሚተኛ ይተኛል። እኔ እቅማለሁ። አዋሽ እያለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ እዚህ ግን ያ ረጅም ቀን ምን ይሠራበታል እያልኩ በየቀኑ ሆነ። ጥንቸሏ ሰሌኑ ላይ ተዘርግታ ታየኛለች፤ እኔ ቀንበጡን እየመረጥኩ እቅማለሁ። ገራባውን፣ ያን ለሰው የማይሆነውን ጠንካራ የጫት ቅጠል፣ ጎረቤታችን ያሉት አፋር እናት ለፍየሎቻቸው ይወስዱት ነበር። ዝናብ ጥሎ ፍየሎቹ ወደ ግጦሽ ሲነዱ ግን ገራባው መከመር ጀመረ። አንድ ቀን ትንሽ ለጥንቸሏ ወረወርኩላት። በላች። ደስ አለኝ፤ ብቻውን የሚቅም ሰው ምን ያህል ጓደኛ እንደሚናፍቀው የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሳምንት በኋላ ይመስለኛል ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "አባዬ፣ ጎመኑን አልነካችውም" አለችኝ። ሙቀት ነው አልኳት። በማግስቱም አልነካችም። ካሮት ሰጠናት፣ አሽትታ ተወችው። የሀብሀብ ልጣጭ ሰጠናት፣ አፍንጫዋን አርጥባ ዞረች። ጎመኑም ቢሆን ጎመን ሆኖ አይደለም፤ ከደጋ ተጭኖ እዚህ እስኪደርስ ጠውልጎ ያልቃል። ባለሱቋን ተቆጣኋት። "ጋሼ፣ ሰው እየበላው ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኛም ያንኑ ጎመን ነበር የምንበላው።

በሦስተኛው ቀን ንዴቴ ልጄ ላይ አረፈ። ቁርስ ላይ ብስኩት ስትይዝ አይቻታለሁ። "ምን አብልተሻት ነው?" አልኳት። ምንም አለች። "ብስኩት ሰጥተሻታል።" አልሰጠሁም አለች። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እንስሳ መጫወቻ እንዳልሆነ፣ ኃላፊነት የማይሰማው ሰው እንስሳ ማሳደግ እንደሌለበት ነገርኳት፤ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ለጠፋበት ሠራተኛ የምናገረውን ንግግር ሳላስቀር ማለት ነው። በመጨረሻም ከዛሬ ጀምሮ የምመግባት እኔ ብቻ ነኝ፣ አንቺ እንዳትነኪያት አልኩ። አላለቀሰችም። ብስኩቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

እኔም ሥራዬ አደረግሁት። ከዱብቲ ለፍየል የሚመጣውን ሣር በእቅፍ ገዝቼ አመጣሁ። ፉሩሽካ በውኃ ለወስኩ። መብራት ሲጠፋና ቬንቲሌተሩ ሲቆም በካርቶን ቁራጭ አራገብኩላት። አልበላችም። ከሥሯ የሚወጣው በጠጥ እየቀነሰና እያነሰ መጥቶ የበርበሬ ፍሬ አከለ። ባለቤቴ በበሩ ስታልፍ "አንተስ ራትህን መቼ ትበላለህ?" ትለኛለች። "እሷ ሳትበላ?" እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር እሷ በላች አልበላች ማታ ማታ እህል አያሰኘኝም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ትቀምስ ነበር፣ ገራባውን። ሌላውን ሁሉ እምቢ ስትል ሁለት ሦስት ቅጠል ከእጄ ትወስዳለች። ተመስገን እያልኩ ጨመርኩላት። ለስለስ ያለውንም ከራሴ ድርሻ ቀንሼ ሰጠኋት። እንዲህ ያለ ቸርነት ለሰው አድርጌ አላውቅም።

በአምስተኛው ቀን ጥንቸሏ ከማዕዘኑ አልንቀሳቀስ አለች። ጥርሷን ታፋጫለች። ልጄ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ እንዳትነካት ስለከለከልኳት አልገባችም። "አባዬ፣ ልትሞት ነው?" አለችኝ። "ልብስሽን ልበሺ" አልኳት። ካርቶኑን ይዘን ባጃጅ ተሳፈርን።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው ወጣት የአፋር ልጅ ነው። ካርቶኑን ሲከፍት ሳቀ። "ወንድሜ፣ ግመል ብታመጣልኝ ይሻል ነበር" አለኝ። እኔ ለሳቅ የሚሆን ሆድ አልነበረኝም። አምስት ቀን ሙሉ ያልበላች እንስሳ ይዤ መጥቼ ይሳቅብኛል ወይ ብዬ በልቤ ተቃጠልኩ። እሱ ግን ሳቁን ትቶ በሁለት እጁ አወጣት፣ ሆዷን በጣቱ ዳሰሰ፣ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን አየ።

"ምን ትበላለች?"

ቆጠርኩለት፤ ጎመን፣ ካሮት፣ ሣር፣ ፉሩሽካ። ሀብሀቡንም አልረሳሁም።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም የለም።"

ልጄ ከጎኔ ቆማ ጥንቸሏን ነበር የምታየው። "ከሰዓት ገራባ ትበላለች" አለች። "አባዬ ነው የሚሰጣት።"

ስታሳብቅ አልነበረም። ሐኪም ሲጠይቅ እውነቱን መናገር እንዳለባት አስተምረናታል፤ ያንኑ ነው ያደረገችው። እኔም ልዋሽ ብዬ አልነበረም። ምግብ ቁጠር ስባል ገራባ ትዝ አላለኝም፤ ለእኔ ጥራጊ ነው።

ባለሙያው ቀና ብሎ ጉንጬን አየው። ያን ቀን ባዶ ነበር፤ ቢሆንም በእጄ ሸፈንኩት።

"ፍየሎቹ ይበሉት የለም እንዴ?" አልኩ።

"ፍየል ወላሂ ካርቶንም ትበላለች" አለኝ። "ይህቺ እኮ ሁለት ኪሎ አትሞላም። ጫት ሰውንም ምግብ ይዘጋል፤ አንተን አይዘጋህም?"

ልጄ መልሴን ትጠብቅ ነበር። እኔ የካርቶኑን ክዳን ማስተካከል ያዝኩ።

የጥንቸል ሐኪም እንዳልሆነ፣ ምክንያቱ ይኼ ነው ብሎ ሊምል እንደማይችል፣ ግን ዛሬውኑ እንዳቆም ነገረኝ። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሰጠንና ውኃ በትንሽ በትንሹ በአፏ ጥግ እንድናጠጣት አሳየን። ሣሩ እርጥብ ይሁን አለ። "እስከ ነገ ሆዷ ሥራ ካልጀመረ አትቆይም" ብሎ ካርቶኑን የሰጠው ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ነው።

ባጃጁ ውስጥ ተናድጄ ነው የተመለስኩት። በባለሙያው ተናደድኩ፤ የግመል ሐኪም ስለ ሰው ጫት ምን አገባው? ወደ ግጦሽ በሄዱት ፍየሎች ተናደድኩ። በሰው ፊት በተናገረችው ልጄም ተናደድኩ። በሁሉም ዞሬ ስጨርስ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ይኼን ነው። አፍሬ ነበር። ይቅርታ ልላት ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስቱንም ጊዜ ስለ መንገዱ አቧራ ተናገርኩ።

ቤት ስንደርስ ሳትጠይቀኝ ካርቶኑን ወደ መኝታ ቤቷ አስገባች። ይሞቃል አልኳት። ነጠላ በውኃ ነክራ መስኮቱ ላይ ሰቀለች። ቬንቲሌተሩን ነቅዬ አመጣሁላት፤ "እሺ" ብላ ተቀበለችኝ። ባለቤቴ ያን ማታ ስሪንጁን ራሷ ማዕድ ቤት ገብታ አጥባ ስታመጣ አየሁ።

በማግስቱ ጫት ተውኩ ብል ውሸት ነው። ከቢሮ ስወጣ ወደ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ሄድኩ። ከጥንቸሏ ስለራቅሁ ጉዳት የለውም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ግን አልጣመኝም። ቀንበጡን አፌ ውስጥ አድርጌ የማስበው ሆዷ ሠራ ወይስ አልሠራም እያልኩ ነበር። ሳይመሽ ተነሳሁ።

ቤት ስገባ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሣር ሲቆረጠም ይሰማል፤ ቀስ ያለ፣ ቆም ቀጠል የሚል ድምፅ ነው። ልጄ ወለሉ ላይ ተኝታ እርጥብ ሣር አንድ በአንድ ትሰጣታለች። ጥንቸሏ ከእጇ እየሳበች ታኝካለች። ገብቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩና የጥንቸሏን ጀርባ ልዳብስ እጄን ዘረጋሁ።

"ቆይ" አለችኝ ልጄ። "እጅህን አሳየኝ።"

ዘረጋሁላት። መዳፌን ገልብጣ ጣቶቼን አየች፤ ከዚያ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችኝ።

"ታጠብና ና" አለች።

ወጥቼ በሳሙና ታጠብኩ፤ ከጄሪካኑ ውኃ እየቀዳሁ፣ ጥፍሬን ሳይቀር እየፈተግሁ። ተመልሼ ሁለቱንም እጆቼን እንደገና ዘረጋሁ። አሸተተችኝ። አልተቆጣችም፤ ከአፏ የወጣው ድምፅ ጥንቸሏን ላለማስደንገጥ ዝቅ ያለ ነበር።

"አሁንም አለ፣ አባዬ" አለችኝ።